ለሁለት ልጆች አንድ መንፊያ

የጎማ መንፊያውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ብስክሌቱ ላይ ያሰርኩትም እኔ ነኝ። ሲሰበር ደግሞ ዳኛ ሆኜ የተቀመጥኩት እኔው ነበርኩ።

ቤታችን ሰቆጣ ዙሪያ ነው፤ ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ያስኬዳል። ከተማ የሚማሩ ሁለት የልጅ ልጆች አሉኝ። ታላቋ የወንዱ ልጄ ልጅ ናት፤ ከእኔ አጥር ማዶ ባለው በአባቷ ቤት ትኖራለች። ታናሿ የሴቷ ልጄ ልጅ ናት፤ እናቷ ለሥራ ስትርቅ ለእኔ ትታት ስለሄደች እኔ ዘንድ ነው ያደገችው። የሚበላለጡት በወራት ነው። የሚማሩትም አንድ ክፍል ነው።

ብስክሌቱን የገዛነው ወደ ሌላ አገር ከተዛወረ አስተማሪ ላይ ነው፤ ከእኔ አንድ ፍየል፣ ከልጄ አንድ ፍየል ሸጠን። አንድ ብስክሌት ለሁለት ልጅ ጠብ ነው የሚያመጣው ያሉኝ ብዙ ነበሩ። እኔ ግን ሕግ አወጣሁ። ተራዋ የደረሰው ልጅ ጎህ ሲቀድ ምንጭ ወርዳ ለሁለቱም ቤት ውኃ ትቀዳለች፤ ከዚያ በብስክሌት ትሄዳለች። ሌላዋን የዚያን ቀን ውኃ አይመለከታትም፤ ቀድማ ተነሥታ በእግሯ ትሄዳለች። በማግስቱ ይለዋወጣሉ። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም ከደወሉ በፊት ይደርሳሉ፤ ሁለቱም ቤት ውኃ ያገኛል።

ሁለተኛም ሕግ ነበረኝ። ብስክሌቱን ወይም የብስክሌቱን ዕቃ በተራዋ ቀን የሰበረች፣ እስከ መንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ ተራዋን ታጣለች።

ታናሿ ይህን ስትሰማ ከንፈሯን ነክሳ ሳቀች። "እማማ፣ እርስዎ ቢሰብሩትስ?"

"እኔ መቼ ነድቼ እሰብራለሁ? አፍሽን ያዢ።"

ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ታላቋ ብስክሌቱን እየገፋች መጣች። መንገዱ ዳር ግራር አለ፤ የግራር እሾህ ደግሞ ከኮረኮንቹ ጋር ተደባልቆ አይታይም። ጎማው ተንፍሶ ነበር። በመንገድ ላይ የሚነፋላት ሰው ስላላገኘች ደወሉ አልፏት በሩ ተዘግቶባት ተመለሰች። መንፊያ ያስፈልገን እንደነበር ያን ቀን ገባኝ፤ በገበያ ቀንም ሁለቱን አስከትዬ ሰቆጣ ገባሁ።

የብስክሌት ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ ጎማም ይለጥፋል። በረንዳው ላይ ሦስት ዓይነት መንፊያ አወጣልኝ። አንደኛው በእግር ተረግጦ የሚነፋ ትልቅ ነው፤ እሱን ተሸክሞ ትምህርት ቤት የሚሄድ የለም። ሁለተኛው ፕላስቲክ ነው፤ በጥፍሬ መታ መታ ሳደርገው ድምፁን አልወደድኩትም። ሦስተኛው ክንድ የማያክል፣ ነጭ፣ ቀላል ብረት ሆኖ ጫፉ ላይ ቫልቮላው ላይ የሚጠመዘዝ አጭር ቱቦ አለው።

"እናቴ፣ መንፊያ በዓይን አይመረጥም" አለኝ። "አፉን በአውራ ጣትዎ ይድፈኑና እጀታውን ይግፉት።"

ደፍኜ ገፋሁ። መልሶ ገፋኝ። ከውስጡ አንድ ነፍስ ያለው ነገር እጄን የሚታገል ነው የሚመስለው። ከዚያው ዓይነት ሌላ ሰጠኝ፤ ያኛው ደከም አለብኝ። ሦስተኛውን አስመጣሁ። ታናሿ አፍራ ወዲያ ዞረች። ሰውዬው ግን አልተቆጣም። አጥብቆ የገፋኝን ወሰድኩ።

"ግድግዳው እንደ ጣሳ ስስ ነው" አለኝ፤ "ቀላል የሆነውም ለዚያ ነው። ሲያስሩት እጀታው ወደ ውስጥ የገባ ይሁን። አንድ ቀን ቢጣበቅ በጉልበት እንዳይስቡት። ውስጡ አየር የምትገፋ ጎሚኒ አለች፤ ክብ ላስቲክ ናት፤ እሷ ከተቀደደች መንፊያው ዱላ ነው። ደግሞ ልጆቹ እሾህ ሲወጋባቸው መንገድ ላይ አይንቀሉት። እሾሁ ራሱ ቀዳዳውን ይደፍናል። እየነፉ ይድረሱና እኔ ዘንድ ይነቀላል።"

ከመንፊያው ጋር ሁለት ቡሎን ያላት የፕላስቲክ ማቀፊያ ሰጠኝ። ከፔዳሉና ከጎማው ራቅ አድርገን ከአግዳሚው ብረት ሥር እንድናስራት አሳየን።

መንገድ ላይ ማቀፊያዋን እያገላበጥኩ ሳያት ንቄ ሳቅሁ። "ይህን የሠራ ሰው አህያ ጭኖ አያውቅም" አልኩ። በዚያ ኮረኮንች ላይ ሳምንት አትቆይም። መንፊያው ተፈናጥሮ ወድቆ ሌላ ሰው ያነሣዋል።

እኔ የማውቀው ማሰሪያ አለ። አባቴ የተሰነጠቀ ሞፈር በጠፍር ነበር የሚያስር። ከበሬ ቆዳ የተተለተለውን ጥሬ ጠፍር ውኃ ውስጥ ነክሮ ያሳድራል፤ ሲለሰልስ እንጨቱን ይጠመጥምበታል፤ ሲደርቅ ያ የተሰነጠቀ ሞፈር ከአዲሱ ይበልጣል። የምተኛበት አልጋም ጠፍር ነው፤ እኔን ብቻ ሳይሆን እናቴንም ያስተኛ። እኔም ጠፍር ነክሬ አሳደርኩና በጠዋት መንፊያውን ከአግዳሚው ብረት ጋር ሁለት ቦታ፣ አንድ ግርጌው ላይ አንድ ወገቡ ላይ፣ ቀለበት አድርጌ አሰርኩት። ወደ ላይ ሲሳብ ይወጣል፤ ሲገፋ ይገባል። ያኔ መስከረም ነው፤ ደመናው ገና አልለቀቀም፤ ጠፍሩም እርጥበቱን አልጣለም። መንፊያው እንደ ሰይፍ ከአፎቱ ይወጣና ይገባ ነበር። ጎረቤት ሁሉ አየልኝ።

ኅዳር ገባ። ሰማዩ ጠራ፤ ነፋሱ ደረቀ፤ ከንፈር ይሰነጥቅ ጀመር።

አንድ ሰኞ የታላቋ ተራ ነበር። ከሰዓት በፊት ብስክሌቱን እየገፋች ስትመጣ ከሩቅ አየኋት። ጎማው መሬት ይልሳል። መንፊያውን በእጇ ይዛዋለች። ተቀበልኳት፤ አየሁት። ወገቡ ላይ ጠብቆ የታጠቀ ይመስል ሰርጉዷል። እጀታው ይወጣል ይገባል፤ አውራ ጣቴን ብደፍንበት ግን የሚገፋኝ የለም። ጎሚኒው ተቀድዷል።

"ምን አደረግሽው?"

"እማማ፣ ምንም። ጎማው ሲተነፍስ ላወጣው ብል እምቢ አለኝ። በግድ ሳወጣው እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት። እጀታውን ስስበው ተጣበቀብኝ፤ ደወሉ ሊያልፍብኝ ስለሆነ በኃይል ሳብኩት።"

"ወድቀሻል?"

"አልወደቅኩም።"

"ድንጋይ ላይ ጥለሽዋል? ውሻ መትተሽበታል?"

"አልመታሁበትም። እማማ፣ ይመኑኝ።"

"ቆሞ የጎበጠ ዕቃ አይቼ አላውቅም" አልኳት።

ታናሿን ጠየቅኋት። ባለፈው ተራዋ እንዳልተጠቀመችበት፣ ከዚያ በፊት ግን ደህና እንደነበረ ነገረችኝ። አስከትላም "እሷ ውሸት አታወራም" አለች። አልሰማኋትም።

ቅዳሜ የተሰበረውን መንፊያና ልጄ የነቀለልኝን የተነፈሰ ጎማ ይዤ ከተማ ወረድኩ። ሰውዬው መንፊያውን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው።

"እናቴ፣ ይሄ የወደቀ አይደለም። የወደቀ ባንድ ጎኑ ነው የሚጎደጉድ። ይሄ ዙሪያውን ነው። የታነቀ ነው የሚመስል።"

"ዕቃህ ስስ ሆኖ ነው አትልም?"

"ስስ መሆኑንማ ነግሬዎታለሁ። ምን ላይ ነው ያሰሩት?"

"አንተ ሻጭ ነህ ወይስ መርማሪ?" አልኩት፤ ጎማውን አስለጥፌ ከዚያው ዓይነት ሌላ መንፊያ ገዝቼ ወጣሁ። ያን ንግግሩን አሁን ሳስታውሰው ጆሮዬን ያቃጥለኛል። ሰውዬው መልሱን በእጄ አስይዞኝ ነበር፤ እኔ ግን ዕቃውን ለመከላከል የሚቀባጥር ነው የመሰለኝ። ቤቴ ገብቼ የፊተኛውን ጠፍር ቆርጬ ጣልኩና፣ ከተማረርኩባት ልጅ እጅ ይጠብቅልኝ ብዬ፣ አዲሱን በአዲስ እርጥብ ጠፍር ከበፊቱ አጥብቄ አሰርኩት። የተሰበረውን መቀጣጫ እንዲሆን ደጄ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ተቀምጠን ሳለ፣ ሁለቱን ልጆችና ልጄን ጠርቼ በሰው ፊት ፍርዴን ሰጠሁ። በራሴ ቤት ብፈርድ ለአሳደግኋት አደላች ይሉኛል ብዬ ነው ሰው ፊት የፈረድኩ። አሁን ሳስበው ግን፣ ሰው ፊት የተናገርኩት ነገር እንዳይታጠፍ ራሴን ማሰሬ ነበር። ታላቋ እስከ መንፈቅ ዓመቱ ተራዋን አጣች።

አላለቀሰችም። "እሺ" አለችና ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ብስክሌቱ የታናሿ ነበር። ውኃ ቀድታ ስትጨርስ ብስክሌቱን አልነካችም። ከመስኮት ስጠብቅ፣ አጥሩን ዘላ ታላቋን ተከትላ በእግሯ ስትሄድ አየኋት። ማክሰኞም እንዲሁ። ተቆጣኋት።

"ተራሽን ትተሽ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ተራዬ አይደለም" አለችኝ። "የሁለታችን ተራ ነው። እሷ ካልነዳች አልነዳም።"

"እኔን እየቀጣሽኝ ነው?"

"እርስዎን ማን ይቀጣል?"

ብስክሌቱ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳዬ ላይ ተደግፎ ቆመ። ማንም አልነካውም። እኔም በንዴት ፊቴን አዞርኩበት።

ዋናው ችግር ግን በማዶው ቤት ነበር። የልጄ ሚስት አራስ ናት፤ ወገቧ ገና አልጸናም። ታላቋ በየቀኑ በእግሯ ስለምትሄድ ከጎህ በፊት መውጣት አለባት። ታናሿም በእግሯ ስለሆነች ለእኔ ቤት ያህል ብቻ ቀድታ ትሮጣለች። ማዶ ቤት ውኃ በጠዋት አልደርስ አለ። ልጄ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ተቆጣ፤ በዘጠነኛው የትምህርት ቀን፣ ሐሙስ ማታ፣ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ።

"እማዬ፣ ልጅቷን ወደ ኒሯቅ ልልካት ነው። የሚስቴ እኅት ሻይ ቤት ከፍታ ሰው ቸግሯታል። በልዋጩ የእሷን ትንሿን ልጅ ለእኛ ትልካለች፤ ውኃ የምትቀዳ።"

"ትምህርቷስ?"

"ትምህርቱ በብስክሌቱ ነበር። ብስክሌቱን የከለከሏት እርስዎ ነዎት።"

"የከለከልኩት ብስክሌቱን ነው እንጂ ትምህርት አይደለም።"

"ለእኛ ቤት አንድ ነው" አለኝ። "ነገ ከሰቆጣ በሦስት ሰዓት በሚነሣው መኪና ትሄዳለች።"

ፍርዴን ላንሣ ማለት ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣ። ግን ጥፋተኛን በልቅሶ ከለቀቅኩ፣ ነገ ማን ሕጌን ይሰማል? ዝም አልኩ። ያቺ ዝምታ ከፍርዱ የከፋች ነበረች።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ታላቋ ልትሰናበተኝ መጣች። ጥቁር ፌስታል ይዛለች። ጉልበቴን ሳመች።

"እማማ፣ መንፊያውን እኔ አልሰበርኩትም። ሌላ የምለው የለኝም።"

ከአባቷ ጋር ቁልቁለቱን ሲወርዱ አየሁ። እጄ ሥራ ፈለገ። ታናሿ ምንጭ ወርዳለች፤ ዛሬ ለሁለቱም ቤት ስለምትቀዳ ካልነዳች ደወሉ ያልፋታል። ብስክሌቱ ደግሞ ቆሞ ስለከረመ የኋላ ጎማው ላልቷል። ልንፋላት ብዬ መንፊያውን ሳብኩ።

አልወጣም።

ሁለተኛ ሳብኩ። ግንባሬን አላበኝ። በእግሬ ብስክሌቱን ረግጬ በሁለት እጄ ስስበው ተንጫጭቶ ወጣ። ወገቡ ሰርጉዷል።

ብዙ ጊዜ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደ ሰቀልኩት ሄጄ አውርጄ ከጎኑ አስጠጋሁት። አንድ ቦታ ላይ ነው። በጣት ብትለካው አይበልጥም አያንስም። ተመልሼ የጠፍሩን ቀለበት ዳሰስኩት። እንደ ቀንድ ደርቋል፤ ጠቧል። ሁለት ሳምንት ገደማ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ሰው ሳይነካው፣ እያነቀ፣ እያነቀ ያንን ስስ ብረት ወገቡን አስገብቶታል። ጠፍር ይህንን እንደሚያደርግ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሞፈር የሚጸናው በዚያ ነው። ሞፈር ግን ድፍን እንጨት ነው። መንፊያ ውስጡ ባዶ ነው። ይህን አላሰብኩም።

ማንም አላየኝም። የማልኮራበትን ነገር ልናገር፤ ከቤቴ ጀርባ ገደል አለ፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ሁለቱንም መንፊያ ይዤ ወደዚያ ሄድኩ። ጠፍሩን ቆርጬ፣ እነዚህን ወርውሬ፣ ሌላ መንፊያ ገዝቼ በማቀፊያዋ ባስረው ማን ያውቃል? ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ነፋሱ ነጠላዬን ይጎትተዋል። ከታች መንገዱ ላይ አባትና ልጅ እንደ ሁለት ጉንዳን ሲሄዱ ይታዩኛል።

"እማማ? ምን ይዘዋል?"

ታናሿ ጀሪካኗን ተሸክማ ከኋላዬ ቆማለች።

ሁለቱንም ዘረጋሁላት። አየቻቸው። ብስክሌቱን አየች። ጠፍሩን አየች። ፊቷ ላይ የሆነውን ልነግራችሁ አልችልም። ጀሪካኗን መሬት ላይ አስቀመጠችና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

"ታዲያ አሁን ተራውን የሚያጣው ማን ነው?"

"ብስክሌቱን አምጪ" አልኳት።

ጎማው ላልቷል። መንፊያው ታንቋል። ቱቦውን ቫልቮላው ላይ አጠበቅኩና እጀታውን ሳብ አደረግኩ፤ ግማሽ መንገድ መጥቶ ስርጉዱ ጋ ቆመ። ልቤ በግድ ሳቢው አለኝ። ታላቋም መኪና ሳይሆን ደወል ሲያሳድዳት እንዲሁ ነበር ልቧ ያላት። የሰውዬው ቃል ትዝ አለኝ፤ ቢጣበቅ በጉልበት እንዳይስቡት። ጎሚኒው ከስርጉዱ በታች ነው ያለው፤ ከታች ያለው ግማሽ ደህና ነው። ግማሹ ይበቃናል።

አጭር፣ አጭር፣ አጭር አድርጌ ነፋሁ። ከስርጉዱ እስከ ታች፤ ከታች እስከ ስርጉዱ። መቶ ስቆጥር ጎማው ገና ቂጣ ነው። ታናሿ ተቀበለችኝ። "በእርጋታ! እዚያ ጋ ስትደርሺ መልሺ!" እላታለሁ። "አውቃለሁ፣ እማማ!" ትለኛለች። ክንዷ ሲዝል እኔ፣ ክንዴ ሲዝል እሷ። ሦስት መቶ ስናልፍ ጎማው በአውራ ጣት እምቢ አለ።

"ብስክሌቱ ላይ ውጪ" አልኳት። "እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።"

"እርስዎ?!"

"በእግሬ ብሄድ እደርሳለሁ ትያለሽ?"

በሕይወቴ ብስክሌት ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ፤ ሁለቱን መንፊያዎች ከደረቴ አስገባሁ፤ የልጅቷን ወገብ ያዝኩ። ቁልቁለቱ ተቀበለን። በአማርኛም በኽምጣንጋም የማውቀውን ጸሎት ሁሉ አደረስኩ። አውድማ ላይ የነበረ ጎረቤታችን መንሹን ተደግፎ ጮኸ።

"እሜቴ! ዛሬ ለሰርግ ነው?"

"ለዕዳ ነው!" አልኩት። ኮረኮንቹ ምላሴን አስነከሰኝ።

ግማሽ መንገድ ላይ የኋላው ጎማ መንሸራተት ጀመረ። ወርደን አየን፤ ነጭ የግራር እሾህ እስከ አንገቱ ገብቷል። ታናሿ በጥፍሯ ልትይዘው ጎንበስ ስትል እጇን መታኋት። "ተይው! ይቆይ!" እሾሁ እንደገባ እንደገና ነፋን፤ አጭር፣ አጭር፣ አጭር። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ከመንገዱ አባትና ልጅ ከጠፉ ቆይተዋል። አንድ ጊዜ ረስቼ እስከ ስርጉዱ በኃይል ሳብኩትና ውስጡ ጢቅ ሲል ሰማሁ። በዝግታ ገፋሁት። አየር ገባ። አልተቀደደም።

የከተማው ዳገት ጋ ስንደርስ ሁለት ሰው ተሸክሞ አይወጣም። ወረድኩ።

"ሂጂ። መኪናው እንዳይወጣ አድርጊ።"

"ምን ብዬ?"

"የፈለግሽውን በይ። ዋናውን እኔ እናገራለሁ። መንፊያዎቹ ከእኔ ጋር ይቆያሉ፤ የእኔ ጥፋት በአንቺ አፍ አይነገርም።"

ያን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። መናኸሪያው በር ላይ ስደርስ የመኪና ጥሩምባ ይጮኻል። ታናሿ ብስክሌቱን በሩ መሐል አግድም አስተኝታ አጠገቡ ቆማለች። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቷል።

"አንሺ ብያለሁ! እሄድበታለሁ!"

"ይሂዱበት። አያቴ እየመጡ ነው፤ ከእሳቸው ጋር ይነጋገራሉ።"

"አያትሽ ምንድን ናቸው፣ ትራፊክ?" አለ ረዳቱ።

"ትራፊክ ቢሆኑ ይሻላችሁ ነበር" አለችው።

ልጄ ሲያየኝ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። "እማዬ! ምን ሆነው ነው? ሰው ሞተ?"

"ሰው አልሞተም። ልጅህን አትላካት።"

ታላቋ በመስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ፌስታሉ ጭኗ ላይ ነው። አየችኝ፤ አልተነሣችም።

ሁለቱን መንፊያዎች አወጣሁ። ትንፋሽ አጥሮኝ ቃሉ እየተቆራረጠ ተናገርኩ። "የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሁለቱንም። ጠፍሩ ነው ያነቃቸው። ጠፍሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ።"

"እማዬ፣ ሰው እየሰማ ነው" አለኝ ልጄ ቀስ ብሎ።

"ይስማ። የፈረድኩት ሰው ፊት ነው።"

መኪናው ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላ ሰው ዝም አሰኘው። ልጄ መንፊያዎቹን ተቀብሎ አገላበጣቸው። ገበሬ ነው፤ ጠፍር ያውቃል። ለማየት ጊዜ አልወሰደበትም። ግን አንገቱን ነቀነቀ።

"ይሁን፣ አልሰበረችም። ውኃውስ? አራሷ ምን ትጠጣ?"

"በእኔ ሕግ የሰበረ ተራውን ያጣል። እኔ የብስክሌት ተራ የለኝም። ያለኝ ጀርባዬ ነው። እስከ መንፈቅ ዓመቱ ድረስ የልጅህን የውኃ ተራ እኔ እቀዳለሁ።"

"በዚህ ዕድሜዎ ጀሪካን ሲሸከሙ ሀገር ምን ይለኛል?"

"ልጅህ ያለ ጥፋቷ ዘጠኝ ቀን በእግሯ ስትሄድ ሀገር ምን አለህ?"

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሁላችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። ታላቋ አሁንም ተቀምጣለች።

"እማማ" አለችኝ፤ "ያኔ ስነግርዎ አላመኑኝም።"

"አላመንኩሽም።"

"አሁን ያመኑት እኔን ነው ወይስ ጠፍሩን?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ዳኛም ቄስም የለም። ልዋሽ እችል ነበር። ያ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

"ጠፍሩን" አልኳት። "አንቺን ማመን የነበረብኝ ያኔ ነው። አሁን ማንም ያምንሻል።"

ከዚያ ፌስታሏን አንሥታ በሰው ጉልበት መሐል አልፋ ወረደች። አላቀፈችኝም። መንፊያውን ከአባቷ እጅ ወሰደችና ስርጉዱን በጣቷ ዞረችው።

"ነገ ተራ የማን ነው?" አለች።

"ነገ ቅዳሜ ነው" አለቻት ታናሿ። "አንቺ ደግሞ!"

ብስክሌቱን እየገፋን ወደ ጥገናው ሰውዬ ሄድን። እሾሁን ነቅሎ ከመነዳሪውን ለጠፈው። ጠፍሬን በቢላዋ ሲቆርጠው ድምፅ አወጣ፤ ያን ያህል ደርቆ ነበር። ነግሬዎት ነበር አላለኝም። "ጠፍርዎ ለሞፈር ነው፣ እናቴ" ብቻ አለኝ፤ ያችን የናቅኋትን ዓይነት ማቀፊያ ከአሮጌ ከመነዳሪ በቆረጠው ላስቲክ አጠናክሮ አሰራት፤ ግማሹ ደህና የሆነውን መንፊያም አገባባት። ላስቲክ ይይዛል፤ አያንቅም። እሑድ ሰንበቴ ላይ ፍርዴን በፈረድኩበት ቦታ አነሣሁ። አንዳንዱ ሳቀብኝ። ይገባኛል።

ታናሿ ግን ዝም አላለችም። "እማማ፣ እሷ በተራዋ ውኃ ሳትቀዳ ልትነዳ ነው። እኔስ? እኔም ዘጠኝ ቀን በእግሬ ሄጃለሁ።"

"አንቺ በፈቃድሽ ነው የሄድሽ። በፈቃድ የተደረገ አይካካስም።"

"ይሄ ፍርድ ነው?"

"ይሄ ፍርድ ነው። ካላመንሽ ሰንበቴ ይግባኝ በይ።"

በመጀመሪያው የታላቋ ተራ ቀን ጎህ ሳይቀድ ምንጭ ወረድኩ። ጀሪካኑ ከማስታውሰው ይከብዳል። ማዶ ቤት ደጃፍ ስደርስ አራሷ ደንግጣ ወጥታ ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች።

"እትዬ፣ ያምጡ! ኧረ በሞቴ!"

"አትንኪው። ተራዬ ነው" አልኳት።

ታላቋ ብስክሌቱን ይዛ ከቤት ወጣች። ከመነሣቷ በፊት መንፊያውን ከማሰሪያው ሳብ አድርጋ አወጣችው፤ አፉን በአውራ ጣቷ ደፈነችና ገፋችው። እኔ ጀሪካኔን ተሸክሜ ቆሜ አያለሁ። በተራዋ ቀን ሁሉ አሁንም እንዲሁ ታደርጋለች።

"ይሠራል" ትለኛለች።

"እሺ" እላታለሁ፤ እሷ ወደ ከተማ፣ እኔ ወደ ምንጩ።